አዋሽ ዳር ተቀምጦ የአርባ ምንጭ ሙዝ መጠበቅ

«ለቁርስ ጊዜ የለህም? ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ በወተት ፍጭ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» ይህ ምክር በየቪዲዮው አይጠፋም። ክፋት የለውም፤ ፍሪጅ፣ የጁስ መፍጫና የማይቋረጥ መብራት ላለው ሰው ይሠራል። ጥያቄው ሠመራ ላይ ለሚኖር ሰው የሚለው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሠመራ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ አቮካዶው ከሲዳማ በመኪና ተጭኖ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ በረሃውን ያቋርጣል። መንገድ ላይ የበሰበሰውን ኪሳራ የሚከፍለው መጨረሻ ላይ የሚገዛው ሰው ነው። የተረፈውም መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ይበላሻል። እንዲህ ያለው ቁርስ አምስት ደቂቃ ሳይሆን የሁለት ቀን መንገድ ይፈጃል።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። የአዋሽን ልጅ ግን ውኃ ብቻ ሳይሆን ፍራፍሬም ጠምቶታል። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን መቋቋም፣ ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ ይህ ውኃ ለማን እንደሚፈስስ የሚወሰነው ከሸለቆው ውጭ ነው። በዱብቲ ሜዳ በሚቼል ኮትስ ዘመን ጥጥ ተዘራ። ኋላ ደግሞ ተንዳሆ ላይ ግድብ ተሠርቶ 50 ሺህ ሄክታር ሸንኮራ ታቀደ፤ ፋብሪካው የታሰበለትን ያህል አላመረተም። በአሚባራ መልካ ሰዲ ሙዝ ይመረት ነበር። ዛሬ በዚያው ወረዳ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ሰፊ መሬት ውጧል።

ሸለቆው ለጥጥና ለስኳር ቦታ ሲሰጥ ለሕዝቡ ቁርስ አልሰጠም። ስኳሩ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ በጁስ ቤት ብርጭቆ ውስጥ። ስፕሪሱ ላይ ስኳር ይጨመራል፣ ከላዩ ሽሮፕ ይፈስስበታል፣ ከዚያም «ጤና» ተብሎ ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚፈቀደው የተጨመረና የጭማቂ ስኳር 50 ግራም ገደማ፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ነው፤ ከዚያ ግማሹ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ብቻውን ከዚህ ብዙውን ሊወስድ ይችላል።

«አፋር አርብቶ አደር ነው፤ ፍራፍሬ ባህሉ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። ይህ የሰነፍ መልስ ነው። በአሳይታና በአፋምቦ ቴምር ይበቅላል። ወተት ደግሞ የአፋር ቤት መሠረት ነው። ወተቱን አፍልቶ፣ ፍሬው የወጣ አምስት ስድስት ቴምር ጨምሮ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ በማንኪያ መደፍጠጥ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ የተጨመረ ስኳርም አይፈልግም። ቴምሩም ጣፋጭ ነውና በልክ ይሁን፤ ቢሆንም ከነፋይበሩ ይበላል። ለቁርስ የሚስማማው ነገር ከደጅ ነበር፤ የጠፋው ዓይን ነው።

ይህ ግን ለመንግሥት ማምለጫ አይሁን። አንድ ብርጭቆ ቴምር በወተት የሸለቆውን በደል አይሽርም። ወረር ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በመስኖ የሚለማ መሬት አለ። ለበጋ ስንዴ ቦታ የተገኘለት ሸለቆ ለቴምር፣ ለፓፓያና ለሙዝ እንዴት ይጠበዋል? በየከተማው ዙሪያ ከመስኖው መሬት ጥቂቱ ለአካባቢው ገበያ ለሚያመርቱ የአፋር አባወራዎችና እማወራዎች ይሰጥ። ውኃው በቅድሚያ ለእነሱ ይፍሰስ። ፕሮሶፒስ የሚመነጠርበት መሬትም ለሌላ ሸንኮራ ሳይሆን ለግጦሽና ለፍራፍሬ ይመለስ።

ያ እስኪሆን ድረስ የሠመራን እናት «የጁስ መፍጫ ግዢ» ማለት ምክር አይደለም። መፍጫው ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። የሚፈጨው ነው የጠፋው፤ ያጠፋውም በረሃው አይደለም።