ሳንባ ውኃ ሲቋጥር

ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከአልጋው ተነሥቶ ቁጭ የሚል በሽተኛ ብዙ ጊዜ «ሳንባው ውኃ ቋጥሯል» ይባላል። ሐኪም ግን በዚህ አያበቃም፤ ውኃው ከየት መጣ ብሎ ይመረምራል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ልብ ደክሞ ደሙን መግፋት ሲያቅተው በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ውኃው ወደ አየር ከረጢቶች ይሰርጋል። ሁለተኛው፣ በሳንባ ምች ወይም በደም መመረዝ የሥሮቹ ግድግዳ ሲጎዳ ነው፤ ያን ጊዜ ከውኃው ጋር ብዙ ፕሮቲን ይወጣል።

የውኃው መጠን በመሣሪያ ይለካል። በጤነኛ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ7 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። መጠኑ ብቻውን ግን መንስኤውን አይናገርም። ስለዚህ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዳ በሽተኛ ሳንባ ጥቂት ፈሳሽ ተቀድቶ ፕሮቲኑ ከደሙ ፕሮቲን ጋር ይነጻጸራል። ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ልብ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሥሮቹ ጉዳት ያዘነብላል።

ሕክምናውም ይለያያል። ለልቡ የሚያሸና መድኃኒት ፈጥኖ ይረዳል፤ ለሌላው ዋናው ነገር መንስኤውን ማከም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ቤትዎ ካለ ቀና አድርገው ያስቀምጡትና አምቡላንስ ይጥሩ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት እንዳለበት፣ ትኩሳትም እንደነበረው ለሐኪሙ ይንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።