በፎቶግራፍ ላይ ስለሚታይ ነቁጥ

የልጁን የክርስትና በዓል በዲጂታል ካሜራ ያነሣ ሰው በፎቶግራፉ ላይ ነቁጥ ሲያገኝ፣ የሸሚዙን ጫፍ ይዞ የካሜራውን ውስጥ ሊወለውል ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን ነቁጡ ከወዴት እንደ መጣ ይመርምር።

ትቢያ፣ ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰር ፊት ባለው መስተዋት ላይ ሲያርፍ ጥላውን ይጥላልና ነቁጡ ጠቆር ያለ ነው፤ በተከታታይ በተነሡት ፎቶግራፎች ሁሉ ቦታውን አይለቅም። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 አጥብበው ጥርት ያለ ሰማይ ቢያነሡ ጎልቶ ይወጣል፤ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 ሲሰፋ ይደበዝዛል።

የሌንስ ነጸብራቅ ግን ብሩህ ነው። ብርሃን በሌንሱ ብርጭቆዎች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተንጸባረቀ የሚፈጥረው ነውና፣ ካሜራው ጥቂት ዘወር ሲል እርሱም ይሸሻል። አንድ ቤተሰብ በቤተ ክርስቲያን ጧፍ በርቶ ሳለ በስልክ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ፣ በጨለማው ውስጥ የተንሳፈፈ አረንጓዴ ነበልባል አይቶ ምልክት ነው ብሎ ለጎረቤት አሳይቷል። ከጧፉ ተነሥቶ በምስሉ መካከል የሚያልፍ መስመር ብናሰምር፣ ነበልባሉ በማዶ በኩል ተገልብጦ ተገኘ። ይህን ለአያቲቱ ማስረዳት ግን ነጸብራቁን ከመለየት ይልቅ ከበደን።

ምስል በሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ በፎቶግራፉ ከላይ የታየው ትቢያ በሴንሰሩ ታችኛ ክፍል ይፈለጋል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያስገባልና፣ ሌንሱ የሚወልቅ ካሜራ ከሆነ አፉን ወደ ታች ደፍቶ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ወናፍ አየር መንፋት ነው፤ እንቢ ያለውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።