ባዶዎቹ 38 ወንበሮች

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ቴምቢሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ፕሪቶሪያ ከቤታችን በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። እናቴ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ የቡና ጓደኛዋ፣ ጎረቤታችን፣ ደግሞ የአዲግራት። ያን ዕለት ማታ ሁለቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

ብዙዎቻችን ከስምምነቱ የምናስታውሰው ተኩስ መቆሙን ነው። ግን ሌላም ቃል አለበት፦ ትግራይ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንድትወከል። የ2013ቱ ምርጫ በጦርነቱ ምክንያት ትግራይ ውስጥ አልተካሄደም። ስለዚህ በ2014 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የተወካዮች ምክር ቤት ከ547 ወንበሮቹ የትግራይ 38ቱ ባዶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ በጀት ሲጸድቅ፣ በዚያ ምርጫ ከትግራይ ተመርጦ የመጣ አንድም ሰው እጁን አላነሣም።

ሕጉ ሩቁን ወይም ትንሹን ረስቷል ማለት አይቻልም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ኖርዘርን ኬፕ በስፋት ከሁሉም ክፍላተ ሀገር ትልቁ፣ በሕዝብ ብዛት ግን ትንሹ ነው። ሆኖም በክፍላተ ሀገር ብሔራዊ ምክር ቤት እንደኛ ጋውቴንግ 10 መልእክተኞች አሉት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61ም እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው ይላል። ወንበሩ አለ፤ የጠፋው ተቀማጩ ነው።

«መጀመሪያ ፖለቲከኞቹ ይስማሙ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሰላም ከሌለ ምርጫ እንደሌለ ይገባኛል። ነገር ግን የመምረጥ መብት የፓርቲ ንብረት አይደለም፤ የገበሬዋና የመምህሩ ነው። ባለሥልጣናት እስኪታረቁ መያዣ ሊሆን አይገባም። በነርሲንግ ትምህርታችን መጀመሪያ የተማርነው በሽተኛውን ራሱን «የት ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅን ነው። አልጋው አጠገብ ቆሞ ስለ እሱ ከሌላ ሰው ጋር ብቻ ማውራት ነውር ነው።

እኛም በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ሰሜን ስናወራ የምንከራከረው የትኛው ወገን ልክ ነው በሚለው ላይ ነው። እስቲ ጥያቄውን እንለውጥ፦ ሕዝቡ ድምፁን የሚሰጠው መቼ ነው? ተፈናቃዩስ የት ሆኖ ይመርጣል? መንግሥትንም፣ የትግራይ ፓርቲዎችንም እኩል የምንጠይቀው ይህን ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችንን፣ አዲግራት ያሉት እናቷ የምክር ቤት ተወካያቸው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስኒዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ።