አረም ነው ተብላ የምትነቀለው ጎመን

የዛሬው ሐሳቤ ስለ አንዲት ተክል ነው። ዝናብ ሲጥል በግቢያችን መንገድ ዳርና በጎመኑ መደብ መሃል መሬት ለመሬት እየተሳበች ትበቅላለች። ግንዷ ቀላ ያለ፣ ቅጠሏ ትንሽና ወፍራም ነው፤ ሲጫኑት ውሃ ይወጣዋል። እኛ ክፍል "ወፍራሟ" እንላታለን። የሳይንስ ስሟ ፖርቱላካ ኦሌራሲያ ነው፤ ዓረቦች ሪጅላ ይሏታል። ክበቡ አረም ሲያርም ሁሌ የምትነቀለው እሷ ናት።

እኔ ግን መነቀል የለባትም፣ እንዲያውም ዘርተን ማብቀል አለብን እላለሁ።

አንደኛ፣ ትበላለች። ግብፅና ሱዳን ወጥ ይሠሩባታል፣ ቱርኮች ከእርጎ ጋር ይበሏታል። ጣዕሟ ኮምጠጥ ይላል። ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት ከብዙ ቅጠላ ቅጠል ይልቅ እሷ ላይ አለ።

ሁለተኛ፣ ብዙ ውሃ አትፈልግም። ቧንቧ ሲጠፋ የክበቡ ጎመን እንዴት እንደሚጠወልግ ሁላችንም አይተናል። እሷ ግን ውሃ ቅጠሏ ውስጥ ታጠራቅማለች። ድርቅ ሲበዛባት የቅጠሏን ቀዳዳዎች ቀን ዘግታ ማታ ትከፍታለች።

"ታዲያ ከመንገድ ዳር አንለቅማትም?" ትሉ ይሆናል። አይሆንም! መንገድ ዳር ውሻም መኪናም ያልፋል፣ ፀረ-አረም የተረጨበትም ይኖራል። ደግሞ የምትመስላት መርዛማ አረም አለች። ስትቆረጥ ነጭ ወተት የምታወጣዋን አትንኩ፤ የእኛዋ ወተት የላትም። ራሳችን ከዘር ብናበቅላት ግን የምንበላውን እናውቃለን።

አዘራሯም ቀላል ነው። ፍሬዋ ሲደርስ እንደ ሙዳይ ክዳኑ ይከፈታል፤ ውስጡ ከጤፍ የሚያንስ ጥቁር ዘር አለ። እርጥብ አፈር ላይ በተን ማድረግ ነው። አፈር አታልብሱት፣ ብርሃን ይፈልጋል። ሙቀት ካገኘ በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ስትቆርጡ ከሥሯ ትንሽ ተዉላት፣ እንደገና ታቆጠቁጣለች።

አንዳንድ ልጆች ግቢውን ትወርረዋለች ይላሉ። እውነት ነው፣ አንዷ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ስለዚህ በአሮጌ ጎማ ውስጥ እንዝራት፤ ለዘር አንዷን አስቀርተን ሌላውን ሳያፈራ እንቁረጥ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን ኦክሳሌት ስላለባት ሐኪም ይጠይቅ።

"የችግረኛ ምግብ ናት" የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ በየክፍላችን አለ፤ የሚያሳፍረው የሚበላ ነገር እየነቀሉ መጣል ነው እንጂ መብላቱ አይደለም።

ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ክበብን የምጠይቀው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ውሃውን እኛ 7ኛ ክፍሎች በተራ እናጠጣለን።

ከ7ኛ ክፍል