እርምህን ገና አላወጣንም

ዛሬ ህዳር 12 ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ የሚዛን ሰፈራችን ጭስ በጭስ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች የጓሯቸውን ቆሻሻ ሰብስበው እያቃጠሉ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ እናቱን "ለምንድነው የምናጨሰው?" ሲላት ሰማሁ። "ህዳር ሲታጠን ነዋ!" አለችው። ከዚያ በላይ አላብራራችለትም። እኔም ጭሱ መሃል ቆሜ አንድ ጓደኛዬን አስታወስኩና ስራዬን ትቼ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተም አብራችሁ አንብቡት። በተለይ ቴፒ እሱ ያስተማራችሁ ልጆች፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

ወዳጄ፣

ካለፍክ አምስት ዓመት ከአራት ወር ሞላህ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አርብ እንደነበር ታስታውሳለህ? ከትምህርት ቤት ወጥተን፣ ያቺ የለመድናት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነው ዜናውን የሰማነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ አዲስ አበባ ላይ ኮሮና ተገኘበት ተባለ። ሁሉም ዝም ሲል አንተ ሳቅህን ለቀቅከው። "አይዟችሁ፣ ቴፒ እስኪደርስ መንገዱ ራሱ ይገድለዋል!" አልክ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። በጅማና በቦንጋ አድርጎ እኛ ጋ ለመድረስ የሚበላውን አቧራና ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያቺ በረንዳ ላይ አብረን አልተቀመጥንም።

ከዚያ የሆነውን ግማሹን አይተኸዋል። በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ በር ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆመ። መናኸሪያው ውስጥ ሰው በግማሽ ተጭኖ እጥፍ ይከፍል ጀመር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ በእነሱ የሚኖሩት ቤት አከራዮች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ሻይ ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጭር አሉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

እኛ አገር ደግሞ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ቡና በየጓሮው፣ ጫካው ውስጥ ሳይቀር ራሱን ችሎ በሚበቅልበት አገር፣ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ቡና ጠጣ! ጀበና ጥዶ ጎረቤት አለመጥራት ድሮ ስም የሚያሰጥ ነውር ነበር። በዚያ ሰሞን ግን "ኑ ቡና ጠጡ" ያለ ሰው ነውረኛ ሆነ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው ሰማይ ነካ። አሮጊቶቻችን "እኛማ ድሮውንም ጨሞ ስንጠጣ መድኃኒቱን ስንጠጣው ነበር" እያሉ በቡና ቅጠላቸው ተጽናኑ። ከበሽታው አያድንም ብለህ ተከራከርካቸውና መጨረሻ ላይ አንድ ዋንጫ ተቀብለህ ጠጣህ።

አንተ ያኔ የሠራኸውን ደግሞ ልጆችህ ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ሲባል፣ "ሬዲዮ የሌለውስ?" ብለህ ጥያቄ በእጅህ እየጻፍክ፣ በየሰፈሩ እየዞርክ በአጥር ላይ አቀበልካቸው። ስኳር እንዳለብህ እያወቅክ። ተው ብንልህ አልሰማህም።

ሰኔ ላይ ስኳሩ ሲጠናብህ ወንድምህ አዲስ አበባ ወሰደህ። ከዚያ ያለውን አላየህምና ልንገርህ።

ሰኔ 22 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ አገሩ ተናወጠ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ወሬህን የምጠይቀው በስልክ ብቻ ነበር። ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚመክረውን ድምፅ ታስታውሳለህ? እሱን ሰምቼ፣ ሰምቼ፣ አንድ ቀን ወንድምህ አነሳና አለቀሰ። የተቀበርከው በዚያው ዕለት ነው። የቀበሩህ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ፊታቸው እንኳ አይታይም። የምርመራው ውጤት ከቀብሩ በኋላ ለወንድምህ ተነገረው። ኮሮና ነበር።

ቴፒ ላይ ድንኳን አልተተከለም። የእድራችን ሰብሳቢ ገንዘቡ ለቤተሰብ እንደሚሰጥ፣ መቀመጥ ግን እንደማይቻል በየቤቱ ዞሮ ተናገረ። ትክክል ነበር፤ አልወቅሰውም። እኛ ሦስታችን ዝናቡ ውስጥ እናትህ ደጅ ሄደን ተራርቀን ቆምን። በመስኮት አየችንና "አትግቡ ልጆቼ፣ እናንተም እናት አላችሁ" አለችን። ቀጥላም "ልጅ ሞቶብኝ ሰው አጣሁ" አለች። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ተማሪዎችህ እየደወሉ "ቲቸር ምን ሆኖ ነው?" ሲሉኝ፣ "ስኳሩ ነው" አልኳቸው። ለሁሉም። ወንድምህ እንዲያ በል ብሎኝ ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። ኮሮና ገባበት የተባለ ቤት ሱቅ አይሸጥለትም፣ ጎረቤት መንገድ ይቀይርበታል። እህትህ ጉሊት ነበር የምትነግደው፤ ማን ይገዛት ነበር? ስለዚህ ዋሸን። ሁላችንም ዋሸን። በየቤቱ የሞተ ሰው "ልቡ ነው"፣ "ደም ግፊቱ ነው"፣ "ድሮም ታማሚ ነበር" እየተባለ ተሸኘ።

በዚህ ሳምንት እናትህ ጋ ሄጄ አስፈቀድኩ። "ተናገር፣ ልጄ ሌባ አልነበረ፣ ምን ያሳፍረኛል?" አለችኝ። ስለዚህ ይኸው፣ አምስት ዓመት ዘግይቼ፦ ልጆች፣ መምህራችሁ የሞተው በኮሮና ነው። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለምን አሁን? ብትለኝ፣ የምለው አለኝ።

ዛሬ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲነሳ ምን እንደሚል ታውቃለህ? "ኮሮና እኮ እኛን አልነካንም።" ሻይ ቤት ውስጥ ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል። በአገራችን በኮሮና ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ7,500 ጥቂት ይበልጣሉ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ትንሽ ይመስላል። ግን መዝገቡ የሚያውቀው የተመረመረውን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 እና 2021 በዓለም ዙሪያ ወረርሽኙ በቀጥታም በተዘዋዋሪም የቀጠፈውን ሰው ሲገምት 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው ብሏል፤ አገሮች ሪፖርት ያደረጉት ግን 5.4 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ማለትም ዓለም ሁሉ ሙታኑን አሳንሶ ቆጥሯል። እኛ ደግሞ ከመቁጠር ማነስ በላይ፣ አውቀን ደበቅን። "አልነካንም" የምንለው እንደኔ ያለው ሰው ስለዋሸ ነው።

በእኛ ባህል ሰው ሲሞት እርም ይወጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሦስተኛው ቀን ይቆጠራል፣ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓመት ቆይቶም ቢሆን መጥቶ ይደርሳል፤ ዕዳ ነዋ። የአንተና የብጤዎችህ እርም ግን አልወጣም። መቀመጥ ሲፈቀድ ማንም ወደኋላ ተመልሶ "ያኔ ያላለቀስንላቸው ነበሩ" አላለም። ምን እንደገደላቸው ሳይነገር፣ የቀረውን ለቅሶ ማን ይጠራል?

የድሮዎቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር። በህዳር 1911 ያ የዓለም ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝብ ፈጀ፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። ሬዲዮ አልነበረ፣ ክትባት አልነበረ። ነገር ግን "የህዳር በሽታ" ብለው ስም ሰጡት፤ በየዓመቱ ህዳር 12 የምታጨስ ጎረቤት ትተውልን ሄዱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሚዛን ላይ አንድ ሕፃን "ለምንድነው?" ብሎ ይጠይቃል። የእኛን ወረርሽኝ የሚያስጠይቅ ግን ምን ትተናል? ዝገው የተጣሉ በርሜሎች!

ይህን የምለው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት፣ ህዳር 5፣ ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱን ጤና ሚኒስቴር አረጋግጧል። ጂንካ ሩቅ አይደለችም፤ አንተ ስትሞት ከእኛ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ነበረች። ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ አይደለም የሚዛመተው፤ በታማሚው ደምና ፈሳሽ ንክኪ ነው፤ ሬሳ ከማጠብና ከመገነዝም ይተላለፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ መደበቅ ማለት ቀባሪን መግደል ማለት ነው። "ልቡ ነው" ተብሎ የተዋሸለትን ሰው ሬሳ የሚያጥቡት እኮ የሚወዱት ናቸው። ውሸቱን ደግሞ በአንድ ቀን አንተወውም። በኮሮና ያፈርን ሰዎች፣ ነገ ሌላው ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ያንኑ ነው።

እኔ የማምንበት ይህ ነው። አንደኛ፣ እድሮቻችን መዝገባቸውን ይክፈቱና ከ2012 እስከ 2014 ያለ ድንኳን የተሸኙትን አባላት ስም ያውጡ። ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ የሞቱበት ምክንያት አጠገቡ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ህዳር 12 ከጭሱ ጋር እነዚያ ስሞች ይነበቡ። ብር አያስወጣም፣ ኮሚቴ አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ እድር ሁሉ ከአሁኑ ይስማማ፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ለቅሶ ይዘግያል፣ አይቀርም። ድንኳኑ በሦስት ወርም ይሁን በዓመቱ ይተከላል። ሰው ለቅሶው እንደማይቀርበት ካወቀ ምክንያቱን መደበቂያ ምክንያት ይቀንሳል፤ ሬሳውንም ለጤና ባለሙያ ለመተው ልቡ ይፈቅዳል።

"ቁስል መነካካት ነው" የሚሉኝ ይኖራሉ። የእናትህን ደጅ ያላዩ ናቸው። እሷ ቁስሉን የነካንባት ስንናገር ሳይሆን ዝም ስንል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጇ አሟሟት አንድም ሰው እንዳልጠየቃት ነገረችኝ።

ሌላውን ወሬ ባጭሩ፦ ክልል ሆነናል፤ መስከረም 2014 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በዚያው ዓመት ህዳር ደቡብ ምዕራብ ተመሠረተ። ዘንድሮም ቡና ደርሷል፣ ቀይ እሸቱ እየተለቀመ ነው። በአጥር ላይ ወረቀት የሰጠሃት አንዷ ልጅህ ነርስ ሆናለች። መንገዱን አትጠይቀኝ።

ህዳር 21 እሁድ፣ የህዳር ጽዮን ዕለት፣ ከቀትር በኋላ እናትህ ቤት ቴፒ ላይ እንቀመጣለን። ድንኳኑን እድሩ ፈቅዷል። እሷ ቡና ታፈላለች፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እስከ መጨረሻው ጠጥተን ነው የምንነሳው። ልጆች፣ የቻላችሁ ኑ። ያልቻላችሁ፣ በዚያ ዘመን ሳታለቅሱለት የቀራችሁ ሰው ካለ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ስሙን እዚህ ሥር ጻፉት። ከአንተ ስም ቀጥሎ እናነበዋለን።

ወዳጅህ፣ ከሚዛን