ስለ ብስክሌት ነጂና ስለ መንገድ ጨዋነት

ጎንደር ለብስክሌት የተሠራች ከተማ አይደለችም ሲባል አዘውትረን እንሰማለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ባሕር ዳር በጣና ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ የኖረባት ናት። የእኛዋ ከተማ ግን በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ ፔዳል የሚመታ ተማሪ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ከፒያሳ ተነሥቶ አዘዞ የሚደርስ ሰው በ12 ኪሎ ሜትር ግድም ውስጥ 200 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወጣል። ያም ሆኖ የታክሲና የባጃጅ ሒሳብ የተማሪን ኪስ በሚፈትንበት በዚህ ጊዜ፣ ከማራኪ ግቢ ወደ ቴዎድሮስ ግቢ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታሉ በሁለት ጎማ የሚመላለሱ ጓደኞች አሉን። ይህን የምንጽፈው ለእነርሱና በመንገድ ላይ ለሚያገኟቸው ሁሉ ነው።

አቀበት ሰውን ያደክማል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ቁልቁለት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በያንዳንዷ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ነጂው «ምን ላድርግ?» ብሎ እስኪያስብ ድረስ አንድ አዳራሽ የሚያህል ርቀት አልፏል ማለት ነው። የፊዚክስ መምህሮቻችን እንደሚያስተምሩን ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ በደረቅ መንገድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የጎማው ቸርኬ ውሃ ሲነካው ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ኮብልስቶኑም እንደ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ፍሬን የሚሞከረው ከቁልቁለቱ አፍ ላይ እንጂ ከመካከሉ አይደለም። ሁለቱም ፍሬኖች ሊሠሩ ይገባል። የፊተኛውን ብቻ በድንገት ጨምድዶ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተወንጭፎ ይወድቃል፤ የኋለኛውን ብቻ የተማመነ ደግሞ የሚቆመው ከፈለገበት ቦታ አልፎ ነው። በጫማ ሶል የሚያቆሙትን ጀግኖች በተመለከተ፣ ጫማው ከፍሬኑ ጎማ ይልቅ እንደሚወደድ ብቻ እናስታውሳቸዋለን።

የብስክሌት ቋንቋ አብዛኛው የጣልያን ነው። ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ፍሬቻ እንላለን፤ ፒያሳም ራሱ ከዚያው የመጣ ስም ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ እነዚህን የመሳሰሉ ስሞችና እስከ ሊማሊሞ ገደል ድረስ የሚዘልቅ መንገድ ትቶ ሄዷል። የመንገድ ጨዋነት ግን ከእርሱ የምንበደረው ነገር አልነበረም፤ እርሱ ሳይመጣ የራሳችን ነበረን። በወገራም ሆነ በሰሜን ደጋ በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ ያልፋል። አስከሬን ተሸክመው ሲመጡ ካገኘ ይወርዳል። ትልቅ ሰው ሲያገኝም ወርዶ እጅ ይነሣል። በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቀለል ያለው ወደ ዳር ይቆምና ጭነት የከበደው ያልፋል። ማንም ትራፊክ ፖሊስ አላዘዘውም፤ ማንም ምልክት አልተከለለትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የባላባትና የገባር ዘመን ልማድ ነው» ይሉን ይሆናል። በከፊል እውነት አላቸው። ገባሩ ከባላባቱ ፊት ከበቅሎው ይወርድ የነበረው ወድዶ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ያንን መውረድ ታሪክ ወስዶታል፤ ይመለስ አንልም። እኛ የምንሻው ልማዱ እንዲገለበጥ ነው፤ ይኸውም ብርቱው ለደካማው እንዲወርድ። ባለ ብስክሌት ከመኪና ፊት ደካማ ነው፤ ከእግረኛ ፊት ግን ባላባት ነው። ጀሪካን ተሸክማ መንገድ የምታቋርጥ እናት ደወል ቢደወልላት ወዴት ትሸሻለች? ከነሸክሟ መዝለል አትችልም። ቅዳሜ ገበያ በሰው፣ በአህያና በባጃጅ ሲጨናነቅ በመካከሉ እየተጠማዘዙ ማለፍ ብልሃት የሚመስለው ወጣት ካለ፣ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ቢያልፍ የሚዘገየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ይወቅ። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝበ ሙስሊሙ ከመስጊድ ሲወጣ፣ ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶ ሲሄድም እንዲሁ ነው።

ከመኪና ጋር ያለው ጉዳይ ለየት ይላል። እዚህ ላይ ጨዋነት ማለት ዐንገት መድፋት አይደለም፤ ሌላው ሰው ሐሳባችንን ከሩቅ እንዲያነበው ማድረግ ነው። ሾፌር የሚፈራው ቀስ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌት ሳይሆን ወዴት እንደሚታጠፍ የማያውቀውን ነው። ብስክሌት ፍሬቻ የለውም፤ እጅ ግን አለን። ከመታጠፋችን በፊት ወደ ኋላ ዘወር ብለን አይተን እጃችንን ብንዘረጋ ምን ይጎድልብናል?

አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አለፈ! ዛሬም ግን በግራ በኩል ከመኪናው ፊት ለፊት የሚጋልቡ አሉ። «የሚገጨኝን ባየው ይሻላል» ይላሉ። ሒሳቡን እንሥራላቸው። መኪናው በ40፣ ብስክሌቱ በ20 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ ፊት ለፊት ሲመጡ የሚቀራረቡት በ60 ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን በ20 ብቻ ነው። ሾፌሩም ከመስቀለኛ መንገድ ሲወጣ ከዚያ ወገን ብስክሌት ይመጣል ብሎ አይጠብቅም።

ከቆመ ሚኒባስና ባጃጅ አጠገብ ስናልፍ ቢያንስ አንድ ሜትር እንራቅ። ረዳቱ በሩን ሲከፍት፣ ተሳፋሪውም ዘልሎ ሲወርድ ወደ ኋላ አያይም፤ ልማዱ ነው። በትልቅ የጭነት መኪና ቀኝ ጎን ግን ፈጽሞ አንግባ። ሾፌሩ የተቀመጠው በግራ ነው፤ ከቀኝ በሩ ሥር ያለ ብስክሌት በመስታወቱም ላይታየው ይችላል፤ ወደ ቀኝ በታጠፈ ጊዜ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ጠብቦ ያልፋል። ስለዚህ ከኋላው ቆሞ ማሳለፍ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ያለ ባትሪና ያለ አንጸባራቂ መንዳትም ሾፌሩን ያለ ፈቃዱ ነፍሰ ገዳይ ማድረግ ነው። ጋቢና ነጠላ ለብሶ የሚነዳ ሰው ጫፉን ሰብስቦ ይሰር፤ ካቴና ጥለት አይመርጥም።

«ጥፋቱ የመኪና ሆኖ ሳለ ምክሩ ለብስክሌት ነጂ ለምን በዛ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በያመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት የሚነዳ ሰው ዕዳው የበለጠ ነው። በጀርመን ሕግ መኪና በከተማ ውስጥ ብስክሌትን ሲቀድም 1.5 ሜትር መራቅ ግዴታው ነው። የእኛዎቹ ሾፌሮች ግን ሲቀድሙ ክንዳችንን በመስታወት ሊዳስሱ ምንም አይቀራቸውም፤ ከጀርባችን ድንገት የሚነፋው ክላክስም የተደናገጠውን ነጂ ወደ መንገዱ መካከል እንጂ ወደ ዳር አይሰደውም። ሾፌሮች ሆይ፣ ጥቂት ታግሣችሁ ሰፊ ቦታ ስታገኙ እለፉ። ባጃጅ ነጂዎችም አብዛኞቹ የእኛው እኩዮች ናቸውና ሰላምታ ተለዋውጦ መተላለፍ አይከብደንም።

መንግሥትም ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ መንገድ ለሰው የሚባለው መኪና የማይነዳበት ቀን በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠሩት የኮሪደር መንገዶችም ለብስክሌት የተለየ መስመር ተበጅቷል። ተዳፋት በሆነች ከተማ መስመር ሲቀየስ ግን አንድ ነገር እንዲታሰብ እንለምናለን፤ ሰፊው ቦታ ለአቀበቱ ወገን ይሰጥ። አቀበት የሚወጣ ሰው በዝግታ ስለሚሄድ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፤ የሚወርደው ግን ፍጥነቱ ከመኪናው ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን ነበር። ሐሳቡም በሽታ መጥቶ ከማከም አስቀድሞ መከላከል ነው። የራስ ቅል ስብራትም ከዚሁ ይቆጠራል። የራስ ቁር ይኑረን ብለን ስንናገር የሚስቁብን አሉ፤ በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆነው የሚያድሩት የሕክምና ተማሪዎች ግን አብረው አይስቁም።

ስለሆነም ለተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በየግቢው በር አጠገብ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ይተከል። ጥበቃው ዘንድ አንድ ማንፊያና ጥቂት የመፍቻ ዕቃ ይቀመጥ። ክረምት ሳይገባም በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ይመደብልንና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የያንዳንዱን ብስክሌት ፍሬን ይመርምሩ። የፍሬኑን ጎማ ዋጋ ማዋጣት ለማይችል ተማሪ ኅብረታችን ከመዋጮው እንዲከፍልለት በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለን።