የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሕፃናቱ ይተውላቸው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ ፈተና በሚጨነቅበት በዚህ ወቅት ስለ ሙዚቃ ትምህርት መጻፌ ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት መስሎ ይታየው ይሆናል። ጉዳዩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን የልጆቻችንን ውጤት የምንጠባበቀውን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ከማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አጥር ማዶ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ይገኛል። በዚያ ሙዚቃ የሚያስተምሩ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ለመላው ተማሪ ቤት ያላቸው መሣሪያ አንድ ክራር ብቻ ነው። ሆኖም ልጆቹን መሣሪያ እስኪገዛ ጠብቁ አላሏቸውም። ልጆቹ ከቆርቆሮ ጣሳና ከቁራጭ እንጨት ክራር ሠርተው፣ ጅማት ቢያጡ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወጥረው፣ አምስቱን ድምፅ በጆሯቸው እየለዩ ይቃኛሉ። ሸምበቆ በጋለ ሽቦ እየበሱ ዋሽንት ያወጡም አሉ። መቼም የመጀመሪያው ሰሞን ጩኸት ለጎረቤት የሚመች አልነበረም፤ የእኔ ተማሪዎች መስኮቱ ይዘጋልን እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ሕፃናቱ ስለ ዘበኛው ውሻ ራሳቸው የደረሱትን ዜማ ሲያሰሙ፣ መስኮቱን የከፈቱት እነዚያው ተማሪዎች ናቸው።

አሁን እንደ ሰማሁት ፈተና ስለ ቀረበ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ እንዲሰጥ ታዟል። አንድ አባትም «ልጄን የላክሁት አዝማሪ እንዲሆን አይደለም» ብለው አቤቱታ አቅርበዋል አሉ። በሰርጋችን ቀን አዝማሪ ካልመጣ ቅር የምንሰኝ ሰዎች፣ በማግሥቱ ስሙን ለስድብ ማዋላችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሒሳብ ጠላት አይደለሁም፤ የማስተምረውም እርሱኑ ነው። ወደ ዘጠነኛ ክፍል ከሚመጡልኝ ልጆች ብዙዎቹ ክፍልፋይ ሲባል ይደነግጣሉ። የማሲንቆውን ጭራ እኩሌታው ላይ ቢጫኑት ያው ድምፅ ቀጥኖ እንደሚመለስ በጣቱ የደረሰበት ልጅ ግን፣ አንድ ሁለተኛ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጠመኔ አያስጨርሰኝም። ቀኑን ሙሉ ቍጥር ሲያዩ የዋሉ ዓይኖች ሌላ አንድ ሰዓት ቢጨመርባቸው ምን እንደሚያተርፉ ያዘዙት ሰዎች ቢነግሩን ደግ ነበር።

በሌላው አገር ነገሩን በተቃራኒ ያዩት አሉ። ዞልታን ኮዳይ የተባለው የሀንጋሪ ሙዚቀኛ ልጅ ሙዚቃን በራሱ ድምፅና በአገሩ ዜማ መጀመር አለበት የሚል አሳብ ነበረው። በ1950 እ.ኤ.አ. በተወለደበት በኬችኬሜት ከተማ ልጆች ዘወትር የሚዘምሩበት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ተከፈተ። አስተማሪው መሣሪያ ባይኖረው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በእጁ ምልክት ያሳያል። ኮዳይ ለሕፃናት ያስቀደመውም ግማሽ ድምፅ የሌለበትን የአምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት በዚሁ መንገድ የተዋቀረ ነው። እነርሱ ፈልገው ያገኙት በየቤታችን ሲንጎራጎር ያደገ ነው ማለት ነው። እኔ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ሳድግ የውጭውን መዝሙር በአራት ድምፅ ከፍለን በሚገባ እንዘምር ነበር፤ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ልዩነት ምን እንደሆነ የሰማሁት ግን ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከራሳችን ታሪክም ምስክር አይጠፋም። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች ወላጅ አልባ ነበሩ። ኬቮርክ ናልባንዲያን በሚባል አስተማሪ እየተመሩ የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ፣ የአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ጅምር ከእነርሱ ጋር ተያይዞ ተጻፈ። ቅዱስ ያሬድስ ቢሆን በትውፊቱ እንደሚነገረው ትምህርት አልገባው ብሎ የተገረፈ ልጅ አልነበረምን? በዛሬው አሠራር ቢሆን የዜማው ሰዓት ተወስዶ ማጠናከሪያ ይታዘዝለት ነበር።

ዛሬ በአንደኛ ደረጃ የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ የተጻፈው በሰሌዳው ላይ እንዲቆይና ወይዘሮዋ በፈተና ሰሞንም ቢሆን በሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜያቸውን እንዳይነጠቁ ነው። ለወላጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ ክራር ብዙ ነው። አውርደን በአቅራቢያችን ላለ ተማሪ ቤት ብናውሰው፣ አቧራውን መጥረግና ጅማቱን መቃኘት ልጆቹ ያውቁበታል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ
ከአዲስ አበባ